ከኤልሳ በኋላ፦ ስለ «ቦርን ፍሪ» ፊልም የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በ1966 ለእይታ የበቃው «ቦርን ፍሪ» ፊልም፣ ኤልሳ የተባለችን እንስት አንበሳ ከደቦልነቷ ጀምረው አሳድገው ወደ ዱር የመለሱትን የጆይ አዳምሰንንና የባሏን የጆርጅን ሕይወት ይተርካል። ታሪኩ የተፈጸመው ኬንያ ውስጥ ነው። ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከዚሁ ፊልም የተነሡ ናቸው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ፊልሙን ከልጆቼ ጋር አየነው። መጨረሻው ላይ ኤልሳ ሦስት ልጆቿን አስከትላ ትመጣለች፣ ያበቃል። ትንሹ ልጄ «ከዚያስ?» እያለ አላስተኛ አለኝ። ከታሪኩ የትኛው እውነት ነው? ከዚያ በኋላስ ምን ሆኑ?

መልስ፦ የታሪኩ አካሄድ እውነት ነው፤ ዝርዝሩን ግን ፊልሙ አሳጥሮታል፣ አለስልሶታልም። በየካቲት 1956 የዱር እንስሳት ጥበቃ ኃላፊ የነበረው ጆርጅ፣ አንድ የቦረና ሰው የበላ አንበሳ ፍለጋ ወጥቶ ነበር። በፍለጋው ላይ እንስት አንበሳ ዘላ መጣችባቸውና ተኩሶ ገደላት። ያን ያህል ያስቆጣት በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የደበቀቻቸው ሦስት ደቦሎች እንደነበሩ የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። ፊልሙ ይህን ወንዝ ዳር ልብስ ስታጥብ በተበላች ሴት ይጀምረዋል። ሁለቱ ተለቅ ያሉት ደቦሎች ሮተርዳም ወዳለው መካነ እንስሳት ተላኩ፤ ትንሿ ኤልሳ ቀረች። ደቦሎቹን እንደ ሞግዚት ስትጠብቅ የምትታየው ሽኮኮም የፊልም ፈጠራ አይደለችም፤ ፓቲ የምትባል የጆይ የቤት እንስሳ ነበረች።

ፊልሙ እጅግ ያሳጠረው ኤልሳን የመልቀቁን ሥራ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ ማሳይ ማራ ውስጥ ከሽፏል። ቦታው ካደገችበት ቆላ የተለየ ነበር፤ እርጥብና ቀዝቃዛ ሆኖባት ታመመች፣ ከሳች፣ አደን አልለመደችም። ወደ ሜሩ፣ ወደ ኡራ ወንዝ ዳር ከወሰዷት በኋላ ነው ነገሩ የተሳካው፤ ያ አካባቢ ለትውልድ ቦታዋ ይቀርባል። በታኅሣሥ 1959 ወለደች፤ ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ ልጆቿን ይዛ ወደ ካምፑ መጣች። ፊልሙ የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው።

ለልጅዎ ምን ያህሉን እንደሚነግሩት እርስዎ ይወስኑ። ኤልሳ በጥር 1961 ሞታለች፤ አምስት ዓመት ገደማ ነበረች። ፊልሙ ሲወጣ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗታል። እናታቸውን በአጭሩ ያጡት ሦስቱ ልጆቿ ጄስፓ፣ ጎፓና በእናቷ ስም የተጠራችው «ትንሿ ኤልሳ» በቅጡ ማደን ስላልቻሉ የሰፈሩን ሰው ፍየል መብላት ጀመሩ፤ ጄስፓ ቀስት ገላው ላይ ተሰክቶበት ቀረ። አካባቢውን እንዲለቁ ስለታዘዘ በሣጥን ወጥመድ ተይዘው፣ በጭነት መኪና ታንዛኒያ ወዳለው ሴሬንጌቲ ተወሰዱ። ከሰው ጋር የኖረች እናት ልጆች ሰውን አይፈሩም፤ ሰውን የማይፈራ አንበሳ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው የሰው ከብት ነው። በእኛ አስተያየት የጠቅላላው ታሪክ ክፉ ቋጠሮ ይኸው ሆኖ ሳለ ፊልሙ ጨርሶ አልነካውም።

ጆይ በጥር 1980 ኬንያ፣ ሻባ ውስጥ ተገደለች። መጀመሪያ አንበሳ በላት ተባለ፤ ምርመራው ግን ቁስሉ የስለት መሆኑን አሳየ፣ ቀድሞ ሠራተኛዋ የነበረ ሰውም ተፈረደበት። ጆርጅ በነሐሴ 1989 እዚያው ኬንያ፣ ኮራ ውስጥ በሽፍቶች ጥይት ወደቀ። ፊልሙ ሲቀረጽ ግን ሁለቱም በሕይወት ነበሩ፤ ጆርጅ ራሱ የቀረጻው ዋና አማካሪ ነበር። ባለታሪኩ ካሜራው አጠገብ ቆሞ በተሠራ ፊልም ላይ የባልና ሚስቱ ጠብ አለመታየቱ አያስገርምም፤ በእውነተኛው ትዳራቸው ግን ጠብ ሞልቶ ነበር።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ የፊልሙ ምስጋና ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም አለ ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎን፣ እውነት ነው። ለአንበሶቹና ለሌሎቹ የፊልሙ እንስሳት መገኘት አስተዋጽኦ ካደረጉት ሰዎችና ተቋማት መካከል የንጉሠ ነገሥቱ ስም ተጠቅሷል።

ጥያቄ (ከዋሽንግተን አካባቢ)፦ ያኔ ኮምፒውተር በሌለበት ተዋናዮቹ ከአንበሳ ጋር እንዴት ተቃቅፈው ተቀረጹ? አንበሳዋስ አንዲት ብቻ ናት?

መልስ፦ ያዩት ሁሉ በሕይወት ያለ አንበሳ ነው፤ ኤልሳ ሆነው የሠሩት ግን ብዙ አንበሶች ናቸው። ታሪኩ ከጥቂት ሳምንት ደቦል ተነሥቶ እስከ ወላድ እናት ይደርሳል። የሁለት ወር ደቦል እስኪያድግ ካሜራ ገትሮ የሚጠብቅ አምራች የለም፤ ስለዚህ በየዕድሜው ሌላ አንበሳ ያስፈልጋል። በዚያ ላይ አንበሳ በቀን ከ16 እስከ 20 ሰዓት የሚተኛ ወይም የሚጋደም ፍጥረት ነው፤ ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ ከጥላው ንቅንቅ አይልም። የአንዱ ጠባይ ለመኪና ጣሪያ ሲመች፣ የሌላው ለመተቃቀፍ ይመቻል።

በመጀመሪያ የታሰበው የሰርከስ አንበሶችን መጠቀም ነበር። አልሆነም። የሰርከስ አንበሳ የሚያውቀው የአሰልጣኙን ትእዛዝና የተወሰነ ርቀትን ነው፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ሜዳ ላይ ጎን ለጎን መሄድን አልተማረም። ተዋናዮቹ ሊቀርቧቸው አልቻሉም። በጆርጅ ምክር ሰው ወዳጅ ሆነው ያደጉ፣ ትርኢት ያልተማሩ አንበሶች ተፈለጉ። ዋነኞቹ ቦይና ገርል የተባሉ ወንድምና እህት ሲሆኑ፣ ኬንያ የነበረ የእንግሊዝ ክፍለ ጦር ያሳደጋቸው ናቸው። ጆይንና ጆርጅን ሆነው የሠሩት ቪርጂኒያ ማኬናና ቢል ትራቨርስ (በእውነቱም ዓለም ባልና ሚስት ነበሩ) በኬንያ ተራራ ግርጌ፣ ናሮ ሞሩ በተተከለው የቀረጻ ሰፈር ከአንበሶቹ ጋር እየተንሸራሸሩ ተለማመዱ። መተዋወቁ ቀደመ፣ ካሜራው ተከተለ።

አደጋ አልነበረም ማለት ግን አይደለም። አንድ አንበሳ በጨዋታ ዘሎባት የማኬናን ቁርጭምጭሚት ሰብሯል። አንበሳ ሲጫወትም የሚጠቀመው የአደን እንቅስቃሴውን ነው፤ ከኋላ አድብቶ ይዘላል፣ በመዳፉ እግር ይጠልፋል። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን እንስሳ ሲዘል ክፋት ባይኖርበትም አጥንት ይሰብራል። ስለዚህ ከአንበሳ ጋር ለሚሠራ ሰው ሕጉ አይለወጥም፦ አይሮጥም፣ ጀርባ አይሰጥም፣ አጎንብሶ ወይም ተቀምጦ ራሱን አያሳጥርም። ልጅ ደግሞ ጨርሶ አይቀርብም፤ ቁመቱ ብቻውን የአንበሳን ዓይን ይጠራል።

አንበሶቹን መለየት ከፈለጉ ምስሉን ፊቷ በጎን ሲታይ ያቁሙት። ጢሟ የበቀለባቸው ጥቁር ነጥቦች በረድፍ የተደረደሩ ናቸው። ከላይኛው ሙሉ ረድፍ በላይ ተለይተው የሚታዩት ጥቂት ነጥቦች ቁጥራቸውና ቦታቸው በየአንበሳው ይለያያል፤ ግራና ቀኙም አንድ አይደለም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ያንኑ ጎን ከያንኑ ጎን ያነጻጽሩ። ተመራማሪዎችም አንበሳ የሚቆጥሩት በዚሁ ነው። ቀጥሎ አፍንጫዋን ይዩ፦ የወጣት አንበሳ አፍንጫ ሮዝ ነው፣ ዕድሜ ሲጨምር በጥቁር ነጥብ እየተሸፈነ ይሄዳል። የጆሮ ቅዳጅም ይረዳል። የደበዘዘ ቅጂ ላይ ግን የጢሙ ነጥብ አይታይምና አይድከሙ።

ቀረጻው ሲያልቅ አብዛኞቹ አንበሶች ወደ መካነ እንስሳት ተላኩ። ስለ ነጻነት በሚተርክ ፊልም ላይ የሠሩ አንበሶች ወደ አጥር መግባታቸው ተዋናዮቹን አሳዝኗል። ጆርጅ ቦይን፣ ገርልንና ሌላውን የፊልሙን አንበሳ ኡጋስን አስፈቅዶ ወደ ሜሩ ወሰዳቸው። ማኬናና ትራቨርስ በኋላ በሌላ ፊልም አብራቸው የሠራች ዝሆን በ1983 ለንደን መካነ እንስሳት ውስጥ ስትሞት፣ በማግስቱ ዓመት አንድ ማኅበር አቋቋሙ፤ ዛሬ በፊልሙ ስም የሚጠራው ድርጅት እሱ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ሆለታ አቅራቢያ የሚገኘውን የእንስሳ ኮቴ ማዕከል የሚያስተዳድረውም ይኸው ድርጅት ነው።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ)፦ ኤልሳ በመዥገር በሽታ ሞተች ይባላል። የዱር አንበሳ መዥገር ሞልቶበት ይኖር የለም እንዴ? መድኃኒትስ የለውም?

መልስ፦ ምርመራው ያሳየው ባቤዚያን ነው፤ በመዥገር የሚተላለፍ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የሚባዛና ሕዋሱን የሚያፈርስ ጥገኛ። ያልከው ልክ ነው፤ ብዙ የዱር አንበሶች ጥገኛውን በደማቸው ይዘው ምንም ሳይሆኑ ይኖራሉ። የሚገድለው ሚዛኑ ሲዛባ ነው፤ ሌላ በሽታ፣ ረሀብ፣ ወይም በአንድ ጊዜ የሚወርድ እጅግ ብዙ መዥገር ሲኖር። ሴሬንጌቲ ላይ በ1994 ከአንበሶቹ ሲሶ ያህሉ ያለቁት የውሻ ዲስቴምፐር በተባለው የቫይረስ በሽታ ብቻ አልነበረም። ድርቅ ጎሾቹን አዳከመ፣ የደከሙት ጎሾች መዥገር ወረሳቸው፣ አንበሶቹ እነሱን በሉ፤ መዥገሩም ባቤዚያውም ወደ አንበሶቹ አለፈ። በዚያ ላይ ዲስቴምፐር መከላከያቸውን ሲያወርደው ባቤዚያው ገነነ።

ምልክቱ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ የድድ መንጣት፣ አንዳንዴ ቢጫነት ነው። የድመት ዘር ላይ ትኩሳት ላይኖር ስለሚችል ቴርሞሜትር ብቻ አትመን። ከጆሮ ጫፍ ካለው ቀጭን ሥር ደም ወስደህ፣ ስስ አድርገህ ስላይድ ላይ አንጥፈህ፣ ጊምሳ በተባለው ቀለም ቀልመህ በማይክሮስኮፕ እይ። አንድ ስላይድ ባዶ ቢሆን በሽታው የለም ማለት አይደለምና ድገመው።

መድኃኒቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ለውሻና ለከብት ባቤዚያ የምናውቀው ኢሚዶካርብ በድመት ባቤዚያ ላይ ደካማ ነው። የሚመረጠው ፕሪማኩዊን ነው፤ የተለመደው መጠን በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በኪሎ ከ1 ሚሊግራም ያለፈ መጠን ድመት ይገድላል። ክብደትን በግምት ለሚገምት ሐኪም ይህ ጠባብ ክፍተት ነው። ደሙም ጨርሶ ላይጠራ ይችላል። ኤልሳ ጋ ያኔ የነበረው ችግር ግን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ነበር፦ ከከተማ ርቆ በሚገኝ ጫካ ውስጥ፣ ምን እንደያዛት ከመታወቁ በፊት ሞተች።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የስድስት ኪሎ አንበሶች እንደ ኤልሳ ወደ ዱር ቢመለሱ ምን ይከለክላል? በር ከፍቶ መልቀቅ እኮ ነው።

መልስ፦ በሩን መክፈት የመጨረሻው ሥራ ነው። ጥያቄው ግን የዋዛ አይደለም። በ2012 የታተመ የዘር ጥናት 15 የስድስት ኪሎ አንበሶችን መርምሮ ከተነጻጸሩት ሌሎች የአንበሳ ስብስቦች የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። የሚጠበቅ ዘር ነው። መጠበቅና መልቀቅ ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው እንቅፋት ያው የሰው ነገር ነው። በየቀኑ ሥጋ ይዞ የሚመጣ ሰው ሲያይ ያደገ አንበሳ ሰው ሲያይ አይሸሽም፣ ይቀርባል። ከፊልሙ አንበሶች መካከል ቦይ የሆነውን ይመልከቱ። ሜሩ ውስጥ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ሕፃን ልጅ ክንዱ ላይ ነከሰ። ወደ ኮራ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ በ1971 የጆርጅን ካምፕ ሠራተኛ ገደለ፤ ጆርጅ ለዓመታት የተንከባከበውን አንበሳ በገዛ እጁ ተኩሶ ገደለው። ይህን ያህል ዓመት ከአንበሳ ጋር የኖረ ሰው እንኳ መፍትሔ አላገኘለትም።

ሁለተኛው አደን ነው። የመግደል ፍላጎት አብሮ ይወለዳል፣ ጥበቡ ግን ትምህርት ነው። ደቦል ከእናቱ ኋላ እየተከተለ ወደ ሁለት ዓመት ይማራል፦ ነፋሱን ማየት፣ የትኛውን ከመንጋው መነጠል፣ ጉሮሮ የት እንደሆነ፣ የጎሽ ቀንድና የከርከሮ ክራንቻ ምን እንደሚያደርግ። አጥር ውስጥ ያደገ ትልቅ አንበሳ ይህን ሲማር ይቆስላል፤ የቆሰለ አንበሳ ቀላል ምግብ ይፈልጋል፤ ቀላል ምግብ ማለት አህያና ፍየል ነው። አንድ ትልቅ አንበሳ በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 7 ኪሎ ሥጋ ይፈልጋል። ያንን የሚችል የዱር አራዊት ያለው፣ ከብት የማይሰማራበት፣ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ኪሎ ሜትር ቦታ መገኘት አለበት። በቦታው ሌሎች አንበሶች ካሉ ደግሞ ብቻውን የመጣን እንግዳ ይገድሉታል።

ስለዚህ ዛሬ አንበሳ ለጠፋበት ፓርክ አንበሳ የሚመልሱ ሰዎች በተቻለ መጠን ዱር ውስጥ ካደጉት ይወስዳሉ። የሩዋንዳው አካጌራ ፓርክ መጀመሪያ በግጦሽ መሬቱ ድንበር በኩል አጥር ሠራ፤ በ2015 ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ አምስት እንስትና ሁለት ወንድ አመጣ። ወዲያው አልተለቀቁም፤ በኤሌክትሪክ በታጠረ ጊዜያዊ በረት ቆዩ። የዚህ በረት ጥቅም ሦስት ነው፦ አንበሳ ወደ መጣበት አቅጣጫ የመሮጥ ጠባዩን ያበርዳል፣ የማይተዋወቁትን መንጋ ያደርጋል፣ የኤሌክትሪክ ሽቦን መፍራት ያስተምራል። ምግቡ ሙሉ ሬሳ ነው እንጂ የተቆራረጠ ሥጋ አይደለም፤ ሰው ሳይታይ ይገባል። ሲለቀቁም አይነዱም፤ በሩ ይከፈትና ውጭ ሬሳ ይቀመጣል፣ በራሳቸው ጊዜ ይወጣሉ። የሳተላይት አንገትጌ የታሰረባቸው ወዴት እንደሄዱ በየቀኑ ይታያል፤ ወደ መንደር ካቀኑ ከብት ከመብላታቸው በፊት ሰው ይደርሳል።

በአጥር የተወለዱ አንበሶች ለመልቀቅ የሚታሰቡ ከሆነ ራሳቸው ሳይሆኑ ልጆቻቸው ናቸው፤ እነሱም ሰው በማያዩበት ሰፊ ቅጥር ውስጥ ተወልደው፣ አድነው ካደጉ፣ ከሳንባ ነቀርሳና ከዲስቴምፐር ነጻ መሆናቸው ከተመረመረ። ወጪውን ከማስላት በፊት ግን በዙሪያው ያለውን አርብቶ አደር መጠየቅ ይቀድማል። ላሟ የተበላችበት ሰው ካሳ በወቅቱ ካልደረሰው መርዝ የነካ ሥጋ ያስቀምጣል፤ አንድ የተመረዘ ሬሳ ደግሞ መንጋውን ከነአሞራው ይጨርሳል።

ጥያቄ (ከጅግጅጋ)፦ እረኞች የአቦሸማኔ ግልገሎች አምጥተው ሊሸጡ ሲሉ አይቻለሁ። ገዝቼ እንደ ጆይ አሳድጌ ብለቅስ?

መልስ፦ አይግዙ። ለማዳን ብለው የከፈሉት ገንዘብ ነገ ሌላ እናት ተከታትሎ ግልገሎቿን ለመንጠቅ ዋጋ ይሆናል። ከምሥራቅ ኢትዮጵያ ተነሥቶ በሶማሌላንድና በየመን በኩል ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄደው ንግድ የሚኖረው በዚህ ነው፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እንኳ በ2016 ባወጡት ሕግ ግለሰብ አደገኛ አውሬ እንዳይዝ ከልክለዋል። በአገራችንም ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 541/1999 (ይህ ቁጥር በእኛ አቆጣጠር ነው) የተከለከለ ነው። ለወረዳው ወይም ለክልሉ የዱር እንስሳት ጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣ ካልተገኘ ለፖሊስ ያመልክቱ። የተያዙ አቦሸማኔዎች የሚወሰዱበት አንዱ ቦታ ከላይ የጠቀስነው እንስሳ ኮቴ ነው።

ሜዳ ላይ ብቻቸውን ያገኟቸው ከሆነ ደግሞ አያንሷቸው፤ እናት ግልገሎቿን ሣር ውስጥ ደብቃ ረጅም ሰዓት ታድናለች። ርቀው ይሂዱ፣ እረኛና ውሻ ያርቁ፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይጠበቃል። እናቲቱ መሞቷ ከታየ ብቻ ነገሩ ይለወጣል።

ባለሥልጣኑ እስኪደርስ እጅዎ ላይ ከሆነ፣ አየር የሚገባው ጨለም ያለ ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፈው ያስቀምጡት። ከቀዘቀዘ በመጀመሪያ ያሙቁት፤ ሙቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለው ከካርቶኑ በአንድ ጎን ያድርጉለት፣ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቦታ ይኑረው። ሰውነቱ ሳይሞቅ ወተት ከተሰጠው ሆዱ አይፈጨውም። ከዚያ በሐኪም ምክር በትንሽ በትንሹ ፈሳሽ ይሰጣል፤ በደረቱ ተኝቶ እንጂ እንደ ሕፃን በጀርባው አይደለም። በጀርባው የጠጣ ፈሳሽ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል። የላም ወተት ተቅማጥ ያስይዘዋል፣ ተቅማጥ የያዘውም ሰውነቱ ፈሳሽ አጥቶ ይደርቃል። ሥጋ መብላት የጀመረን ደግሞ አጥንት የሌለው የፍየል ሥጋ ብቻ አይመግቡት፤ ካልሲየሙ ስለሚያንስ በሳምንታት ውስጥ እግሩ ይጎብጣል፣ ዘሎ ሲወርድ አጥንቱ ይሰበራል። ከተያዙት ግልገሎች ብዙዎቹ ወደ ማዕከል የሚደርሱት እንዲህ ሆነው ነው።

ከቤት ድመትና ውሻ ያርቁት፣ ልጆች አይነካኩት፣ ፎቶውን አያሰራጩ፤ ፎቶው ገዢ ይጠራል። ከነከስዎት ወይም ከቧጨርዎት ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡት፤ ቁስሉ ትንሽ ነው ብለው ሳያድሩ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጤና ጣቢያ ይሂዱ።